ያውቁ ኖሯል? እንግሊዞች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቀን ለምን አያከብሩም?

ቅዱስ ጊዮርጊስ የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ነው። በነጭ መደብ ላይ ያለው ቀይ መስቀሉ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ሆኗል፤ በወርቅ ሳንቲሟ ላይም ደራጎኑን ሲወጋ ይታያል። በዓሉ ኤፕሪል 23፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ይውላል። ይሁንና አብዛኛው እንግሊዛዊ በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ሄዶ ይመለሳል። ይህንኑ ሰማዕት በየወሩ በ23 ለምናስብ ለእኛ ነገሩ ግር የሚል ነው። ለዚህ ያበቃቸው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ በአምስት መቶ ዓመታት ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የመጣ ነው። እነሆ፣ በየተራ። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዱሱና እንግሊዝ እንዴት ተገናኙ?

ያውቁ ኖሯል?

• ቅዱስ ጊዮርጊስ የእንግሊዝን ምድር ረግጦ አያውቅም። በምዕራቡ ትውፊት አባቱ የቀጰዶቅያ፣ እናቱ የልዳ ሰው ነበሩ። ሰማዕትነትን የተቀበለው በሮማው ንጉሠ ነገሥት በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን፣ በ303 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ልዳ ዛሬ በእስራኤል ውስጥ ሎድ ተብላ የምትጠራው ከተማ ናት፤ መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ይገኛል።

• «እንግሊዞች የዘነጉት ባዕድ ስለሆነ ነው» የሚለው አባባል ብዙ አያስኬድም። የስኮትላንዱ ጠባቂ ሐዋርያው እንድርያስ የገሊላ ሰው ነው። የአየርላንዱ ፓትሪክም አየርላንድ ውስጥ አልተወለደም፤ ከብሪታንያ በምርኮ የተወሰደ ነው። ሆኖም ማርች 17 የሚውለው የፓትሪክ ቀን በዓለም ዙሪያ ይከበራል። ከአራቱ ጠባቂዎች በሚጠብቃት አገር የተወለደው የዌልሱ ዳዊት ብቻ ነው።

• እንግሊዝ ከጊዮርጊስ በፊት የራሷ ልጆች የሆኑ ቅዱሳን ነበሯት። አንደኛው በ869 በዴንማርክ ወራሪዎች እጅ የተገደለው የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ኤድመንድ ነው። ሌላው የዌስትሚኒስተርን ገዳም ያሠራውና በ1161 ቅድስናው የታወጀለት ንጉሥ ኤድዋርድ ነው።

• ኤድመንድን የሚናፍቁ እስከ ዛሬም አሉ። «ወደ ጠባቂነቱ ይመለስልን» የሚል ዘመቻ በዚህ ምዕተ ዓመት ውስጥ ተካሂዷል። አገር አቀፍ ጥያቄው ባይሳካም የሰፎልክ አውራጃ በ2007 ጠባቂዋ አድርጋዋለች።

• የጊዮርጊስን ስም በእንግሊዝ ከፍ ያደረጉት ወታደሮች ናቸው። በመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት፣ በ1098 በአንጾኪያ ቅዱሱ ለተዋጊዎቹ ተገልጦ እንደረዳቸው ይተረክ ነበር። በ1277 ደግሞ የቀዳማዊ ኤድዋርድ ወታደሮች ወደ ዌልስ ሲዘምቱ የቅዱሱን ቀይ መስቀል ለብሰው ነበር።

• የደራጎኑ ታሪክ በምዕራብ አውሮፓ የተስፋፋው ሰማዕቱ ካረፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ወርቃማው ገድል» ድርጊቱ የተፈጸመው በሊቢያ፣ ሲሌኔ በምትባል ከተማ እንደሆነ ይተርካል። ዊልያም ካክስተን መጽሐፉን በ1483 በእንግሊዝኛ አትሞ አወጣው። በእኛ ትውፊት ቦታው ቤሩት ነው፤ በሥዕሉ ጥግ ቆማ የምናያትም ብሩታዊት ናት።

በዓሉ የደመቀበት ዘመን

ያውቁ ኖሯል?

• በ1348 ሣልሳዊ ኤድዋርድ የጋርተርን ኒሻን ሲመሠርት ጠባቂው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንዲሆን ወሰነ። ይህ ኒሻን እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ከፍተኛው የክብር ኒሻን ነው፤ የኒሻኑ ቤተ ክርስቲያንም በዊንድዘር ግንብ ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቆሟል።

• በኦክቶበር 1415 እንግሊዞች በአዠንኩር ፈረንሳዮችን ድል አደረጉ። ወዲያው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሄንሪ ቺችሊ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቀን ከታላላቆቹ የቤተ ክርስቲያን በዓላት ተርታ አሰለፈው። ሥራ የሚቆምበት፣ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጎርፍበት ቀን ሆነ። ስለዚህ «እንግሊዞች ከጥንትም አያከብሩትም ነበር» ማለት ስሕተት ነው።

• በዓሉን በየከተማው ያደመቁት ማኅበራት ነበሩ። በኖርዊች ከተማ በ1385 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ከሁሉም የታወቀው ነው። አባላቱ በዓሉ በሚውልበት ቀን በአንድነት ይጸልዩ፣ በአንድ ማዕድ ይመገቡ፣ የተቸገረ ወንድማቸውን ይረዱ፣ የሞተውንም በጸሎት ያስቡ ነበር። የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የራሱን ማኅበር እንጂ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስለውም።

• በኖርዊች ዓመታዊ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው የጦር ልብስ ለብሶ፣ በፈረስ ተቀምጦ ቅዱሱን ይወክል ነበር። ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ደራጎንም ይከተል ነበር። በኋላ ቅድስት ማርጋሬትን የምትወክል ሴት ተጨመረች፤ እሷም በገድሏ ደራጎን ድል ያደረገች ናትና።

ማኅበሩ ሲፈርስ

ያውቁ ኖሯል?

• ስምንተኛው ሄንሪ ከሮም ከተለየ በኋላ በ1536 በመከር ወራትና በፍርድ ቤት ወቅት የሚውሉ ብዙ በዓላትን ሠረዘ። የሰጠው ምክንያት የበዓላት መብዛት ሥራ ያስፈታል የሚል ነበር። ከተረፉት ጥቂት ቀናት አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

• ከባዱ ምት የመጣው በልጁ በስድስተኛው ኤድዋርድ ዘመን ነው። በ1547 የወጣው ሕግ ለሙታን ጸሎት የተተከሉ ጸሎት ቤቶችንና መንፈሳዊ ማኅበራትን አፍርሶ ንብረታቸውን ለዘውዱ አደረገ። በዓሉን በየዓመቱ የሚደግሰው፣ ሰልፉን የሚያዘጋጀው፣ ልጁን አስከትሎ የሚወጣው ማኅበርተኛ ተበተነ።

• የኖርዊቹ ማኅበር የከተማው ሹማምንት ስብስብ ስለነበር መልኩን ቀይሮ ተረፈ። ቅዱሱ ግን አልተረፈም። በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ ላይ ጊዮርጊስም ማርጋሬትም በሰልፉ እንዳይታዩ፣ ደራጎኑ ግን ለሕዝቡ መዝናኛ እንዲወጣ ተወሰነ። ሰማዕቱ ቀርቶ የወጋው አውሬ ብቻ ለብዙ ትውልድ በከተማዋ ጎዳናዎች ሲዞር ኖረ። የከተማው ሰዎች «ስናፕ» የሚል ስም ያወጡለት ይህ ደራጎን እስከ 1835 ድረስ የከንቲባው ሹመት በዓል አድማቂ ነበር። ከደራጎኑ አሻንጉሊቶች አንዱ ዛሬም በኖርዊች ቤተ መዘክር ይታያል።

• ይህ የኖርዊች ታሪክ የመላው እንግሊዝን ታሪክ ይናገራል። መንፈሱ ከወጣ በኋላ የቀረ በዓል ትርዒት ይሆናል፤ ትርዒት ደግሞ ዘመን ሲለወጥ የሚተካው አያጣም።

• እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የ1662ቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ የጊዮርጊስ ስም በቀን መቁጠሪያው ላይ ሰፍሯል። ለዕለቱ የተመደበ የራሱ ጸሎትና ንባብ ግን የለውም። ካህኑ ስሙን ቢያየውም የሚያነብለት አልነበረም ማለት ነው።

• በምትኩ አዲስ አገራዊ በዓል ተተከለ። በኖቬምበር 5 ቀን 1605 ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማጋየት የተጠነሰሰ ሴራ ከሸፈ። በማግሥቱ ዓመት ቀኑ በየዓመቱ በምስጋና እንዲከበር ሕግ ወጣ፤ ሕጉም እስከ 1859 ጸንቶ ቆየ። እንግሊዞች ዛሬም በዚያ ምሽት እሳት ያነዳሉ፣ ርችት ይተኩሳሉ። በየመንደሩ የሚደምቀው እውነተኛው የእንግሊዞች በዓል ይኸኛው ነው።

እንግሊዝ በብሪታንያ ውስጥ

ያውቁ ኖሯል?

• በ1606 የጊዮርጊስና የእንድርያስ መስቀሎች በአንድ ሰንደቅ ላይ ተጣመሩ። በ1707 የእንግሊዝና የስኮትላንድ መንግሥታት አንድ ሆኑ። በ1801 አየርላንድ ስትጨመር የፓትሪክ መስቀል ተደረበ። እንግሊዛዊው በባሕር ማዶ የሚያውለበልበው ዓርማ ከዚያ ወዲህ የሦስት ቅዱሳን ሆነ።

• በአንድነቱ ውስጥ ታላቅ እህት እንግሊዝ ነበረች። የሕዝቧ ብዛት ከሌሎቹ ድምር ይበልጣል፤ ዋና ከተማውም ፓርላማውም የእሷው ነበር። ስለዚህ ስኮቱና ዌልሳዊው ማንነታቸውን በልዩ ቀን ለማሳየት ሲተጉ እንግሊዛዊው «እንግሊዝ» እና «ብሪታንያ» የሚሉትን እያቀያየረ መጥራት ለመደ። ሳይነኩት የኖረ ማንነት በዓል አያስፈልገኝም ይላል።

• በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ተማሪዎች ተሰልፈው የሚዘምሩት ኤፕሪል 23 ሳይሆን ሜይ 24 ነበር። ይህ የንግሥት ቪክቶሪያ የልደት ቀን «የኢምፓየር ቀን» ተብሎ ይከበር ነበር። የአገር ፍቅር ቀኑን የወሰደው ኢምፓየሩ ነው።

• የብዙ አገሮች ብሔራዊ ቀን ከባዕድ አገዛዝ የወጡበት ነው። እንግሊዝን ድል አድርጎ የያዘ የመጨረሻው ወራሪ በ1066 የመጣው የኖርማንዲው ዊልያም ነው። የነፃነት ቀን ብለው የሚያከብሩት የላቸውም።

• አየርላንዳውያን ግን የፓትሪክን ቀን በስደት አሳደጉት። የኒውዮርኩ ሰልፍ ከ1762 ጀምሮ ይቆጠራል። አገሩን በረሃብና በድህነት ለቆ የወጣ ሕዝብ በባዕድ ከተማ አንድ የሚሆንበት ቀን ያስፈልገው ነበር። ወደ አሜሪካና አውስትራሊያ የሄደው እንግሊዛዊ ግን ቋንቋውንም ሕጉንም እዚያው ስላገኘው እንዲህ ያለ ናፍቆት አልጸናበትም።

• ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። እንግሊዝ ብቻ የላትም። የራሷ ይፋዊ ብሔራዊ መዝሙርም የላትም፤ በእግር ኳስ ሜዳ የሚዘመረው የመላው ብሪታንያ መዝሙር ነው። ስለ በዓሉ የሚከራከርላት አካል ያጣችውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የሥራ ቀን መቁጠሪያው

ያውቁ ኖሯል?

• የእንግሊዝ ባንክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዓመት 33 ያህል የቅዱሳን ቀናትንና በዓላትን ዘግቶ ይውል ነበር። በ1834 ቁጥሩ ወደ አራት ወረደ። የፋብሪካና የንግድ ዘመን ነበርና በዓላቱ ከሥራው ጋር ሲጋፉ ተሸነፉ።

• በ1871 ሰር ጆን ለቦክ የተባሉ የባንክ ባለቤትና የፓርላማ አባል የመጀመሪያውን የባንክ በዓላት ሕግ አስወጡ። ለእንግሊዝ የተፈቀዱት የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ የበዓለ ሃምሳ ማግሥት ሰኞ፣ የኦገስት የመጀመሪያ ሰኞና የገና ማግሥት ናቸው። የአገሪቱ ጠባቂ ቅዱስ ቀን አልገባበትም።

• የፓትሪክ ቀን በ1903 በአየርላንድ በሕግ የዕረፍት ቀን ሆነ፤ በሰሜን አየርላንድ ዛሬም እንደዚያው ነው። የስኮትላንድ ምክር ቤት በ2007 በወጣ ሕግ የእንድርያስን ቀን የባንክ በዓል አድርጓል። እንግሊዝና ዌልስ ግን እስከ ዛሬ ያለ ዕረፍት ቀርተዋል።

• በ2017 የሌበር ፓርቲ መሪ የነበሩት ጄረሚ ኮርቢን ፓርቲያቸው ከተመረጠ የአራቱም ቅዱሳን ቀናት በመላው ብሪታንያ የዕረፍት ቀን እንደሚሆኑ ቃል ገብተው ነበር። በምርጫው መንግሥት ለመመሥረት አልበቁም፤ ሐሳቡም በዚያው ቀረ።

• የቀኑ አቀማመጥም አይመችም። ኤፕሪል 23 ብዙውን ጊዜ ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ፣ ከሜይ የመጀመሪያው ሰኞ ዕረፍት በፊት ይውላል። ይህ የሜይ ዕረፍት በእንግሊዝ የታወጀው በ1978 ነው። ቀጣሪዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሌላ የዕረፍት ቀን መጨመር ይከብደናል ይላሉ።

• በዓሉ ከፋሲካ ጋር ሲገጥም ቦታውን ይለቃል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሆሣዕና እስከ ዳግማ ትንሣኤ ባሉት ቀናት ውስጥ ከዋለ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ወዳለው ሰኞ ይዛወራል። በ2011 ቀኑ ቀዳም ሥዑር ላይ ስለዋለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሜይ 2 አከበረችው፤ በ2025 ደግሞ ኤፕሪል 28። ቀኑ ሲንቀሳቀስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው ሕዝብ አይከተለውም።

ሰንደቁን አስፈሪ ያደረገው ነገር

ያውቁ ኖሯል?

• እንግሊዝ በ1966 የዓለም ዋንጫን ስታነሣ በዌምብሌይ የተውለበለበው በአብዛኛው የመላው ብሪታንያ ሰንደቅ ነበር። የውድድሩ ምልክት የሆነው አንበሳም የለበሰው ያንኑ ነው። የጊዮርጊስ መስቀል ስታዲየሙን የሞላው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነው። ያን ጊዜ ስኮትላንድ በዚያው ሜዳ ተጋጣሚያቸው ስለነበረች የጋራው ሰንደቅ አላገለገላቸውም።

• ከዚያ በፊትም በኋላም ሰንደቁን ለጥላቻ የተጠቀሙበት ነበሩ። በ2009 የተነሣው የእንግሊዝ መከላከያ ሊግ የተባለው ፀረ እስልምና ቡድን በሰልፎቹ ሁሉ የጊዮርጊስን መስቀል ይዞ ወጣ። ብዙ ሰላማዊ እንግሊዛዊ መስቀሉን በደጁ ቢሰቅል ከእነዚያ ጋር እንዳይቆጠር ሰጋ።

• ይህ ያሳዝናል። ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው ወገኑን ከሌላው አስበልጦ አይደለም፤ የንጉሥ ቁጣ ሳያስፈራው እምነቱን በአደባባይ ስለመሰከረ ነው። ስደተኛን ለማስፈራራት የተያዘ የጊዮርጊስ ሰንደቅ ከምሥራቅ የመጣውን ሰማዕት ራሱን ይክዳል። ሰንደቁን ማዳን የሚቻለውም ለእነዚያ በመተው አይደለም፤ መልካሙ ሰው በብዛት ሲይዘው ነው።

ሌሎችስ እንዴት ያከብሩታል?

ያውቁ ኖሯል?

• በስፔን የካታሎኒያ ሕዝብ በኤፕሪል 23 መጽሐፍና ጽጌረዳ ይሰጣጣል። የባርሴሎና ጎዳናዎች በመጻሕፍትና በአበባ ይሞላሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቀኑ በካታሎኒያ የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ሕዝቡ ያከበረውን በዓል የመንግሥት ዕረፍት መኖር አለመኖሩ አያጠፋውም። አጎራባቿ አራጎን ግን ቀኑን የዕረፍት ቀን አድርጋ ታከብረዋለች።

• ዩኔስኮ በ1995 ኤፕሪል 23ን የዓለም የመጽሐፍ ቀን አድርጎ ሲሰይም የካታሎኒያው ልማድ አንዱ መነሻው ነበር። ሼክስፒር ያረፈውም በኤፕሪል 23 ቀን 1616 ነው፤ በልማድ ልደቱም በዚያው ቀን ይታሰባል። የሚገርመው በሼክስፒር አገር በብሪታንያ የመጽሐፍ ቀን የሚከበረው በማርች ነው። የእንግሊዝ ቅዱስና የእንግሊዝ ታላቅ ጸሐፊ የተገናኙበት ቀን ለሌላው ዓለም ሆነ።

• ጆርጂያ ቅዱስ ጊዮርጊስን በዓመት ሁለቴ፣ በሜይ 6 እና በኖቬምበር 23 ታከብራለች፤ የዕረፍት ቀን የሚሆነው የኖቬምበሩ ነው። በቡልጋሪያም ሜይ 6 የጊዮርጊስና የጦር ሠራዊቱ ቀን ነው።

• በቤተልሔም አጠገብ አል ኸድር በምትባል መንደር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስእለቱን ይዞ ይሄድበታል።

በእኛ ዘንድ

ያውቁ ኖሯል?

• እንግሊዝና ኢትዮጵያ በጠባቂ ቅዱስ ይገናኛሉ። እነሱ ኤፕሪል 23፣ እኛ ሚያዝያ 23 እናስበዋለን፤ በመካከላቸው ስምንት ቀናት አሉ። የእኛ ሚያዝያ 23 ከሜይ 1 ጋር ይገጥማል።

• ሚያዝያ 23 በኢትዮጵያ ሥራ የሚዘጋው የዓለም የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ነው እንጂ በቅዱሱ ስም የታወጀ የመንግሥት በዓል ስለሆነ አይደለም። ሕዝቡ ግን ታቦቱን አጅቦ ይወጣል፣ ጠበል ጸዲቁን ያዘጋጃል፣ ማኅበሩን ይጠጣል። ከካታሎኒያ ጋር አንድ የሚያደርገን ይህ ነው፤ በዓሉ የቆመው በአዋጅ ላይ አይደለም።

• ቅዱሱ ከታሪካችን ጋርም ተሳስሯል። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በወርኃዊ በዓሉ ነው፤ የጊዮርጊስ ታቦትም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር። በላሊበላ ከአንድ ዐለት በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስም በዓለም የታወቀ ነው።

• ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። የእንግሊዙን ንጉሥ አምስተኛውን ጆርጅ ወክለው የተገኙት ልጃቸው የግሎስተር መስፍን ሄንሪ ነበሩ።

• ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 እንግሊዝን ሲጎበኙ ንግሥት ኤልሳቤጥ የጋርተርን ኒሻን ሸለመቻቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ጥበቃ ሥር የተመሠረተው ኒሻን ጊዮርጊስን ጠባቂዋ ላደረገች አገር ንጉሥ ደረሰ።

ዛሬ በእንግሊዝ የቀረው

ያውቁ ኖሯል?

• በዓሉ ፈጽሞ አልጠፋም። በመላው እንግሊዝ የሚገኙ ስካውቶች በቀኑ አቅራቢያ ባለው እሑድ ይሰለፋሉ፤ መሥራቻቸው ባደን ፓወል ጠባቂያቸውን ጊዮርጊስ አድርጎላቸዋልና።

• የሮያል ሬጅመንት ኦፍ ፊውዚሊየርስ ወታደሮች በኤፕሪል 23 ቀይና ነጭ ጽጌረዳ ቆባቸው ላይ ይሰካሉ።

• አዲስ የጋርተር ተሿሚዎች ስም በአብዛኛው የሚነገረው በዚሁ ቀን ነው። የኒሻኑ ታላቅ ሰልፍ ግን በዊንድዘር የሚደረገው በጁን ነው።

• ስድስተኛው ጆርጅ በ1940 በጀርመን የቦምብ ድብደባ መካከል «የጆርጅ መስቀል» የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ አቋቋሙ። ከጦር ግንባር ውጭ ሕይወታቸውን ለሌላው አሳልፈው የሚሰጡ ሰዎች ይሸለሙታል። በመካከሉ የተቀረጸው ደራጎኑን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

• በ1894 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ንጉሣዊ ማኅበር ቀኑን ለማስታወስ እስከ ዛሬ ይሠራል። የለንደን ከንቲባም በትራፋልጋር አደባባይ ለሕዝብ ዝግጅት ያደርጋል።

• በአንዳንድ መንደሮች በገና ሰሞን በሚታየው ነባር የሕዝብ ተውኔት ጊዮርጊስ ይዋጋል፤ የወደቀውንም ሐኪም መጥቶ ያስነሣዋል። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ቀኑን ሲያደበዝዙት ስሙን ይዞ የቆየው የገጠሩ ሰው ነው።

ፍርዱ

እንግሊዞች ቅዱስ ጊዮርጊስን ጠልተው አልተዉትም። በመጀመሪያ በዓሉን የሚደግሱት ማኅበራት በሕግ ፈረሱ። ቀጥሎ ብሪታንያና ኢምፓየሩ የእንግሊዝን ስም ሸፈኑት። ከዚያ የሥራው ቀን መቁጠሪያ ቦታ ነፈገው። በመጨረሻም ሰንደቁ ጥቂቶች እጅ ገብቶ ሌላውን አሸማቀቀ። ከአራቱ ሁሉ ግን ሥር የሰደደው የፊተኛው ነው። ማኅበርተኛው ከተበተነ በኋላ የመጣውን ነፋስ ሁሉ የሚቋቋም አልነበረም። ዛሬ «ቀኑ የዕረፍት ቀን ይሁን» የሚሉ እንግሊዛውያን ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዕረፍት ቀን ብቻውን በዓል አይሆንም፤ በየሰፈሩ፣ በየደብሩ አብሮ የሚበላና አብሮ የሚጸልይ ሰው ያስፈልገዋል።

በእንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በኤፕሪል 23 ለእንግሊዛዊ ጎረቤታችሁ «እንኳን አደረሰህ» በሉት። ከስምንት ቀን በኋላም ሚያዝያ 23ን ስታከብሩ ወደ ማዕዳችሁ ጋብዙት፤ ጠባቂያችሁ አንድ ነውና። በአገር ቤት ያላችሁም የወር ማኅበራችሁን አታቋርጡ፣ ጽዋውንም ለልጆቻችሁ አስረክቡ። በዓል የሚኖረው ተረኛ ሲኖረው ነው።